«ከጀማሪ እስከ ባለሙያ» ስለተባለለት ባለ 12 ካሬ ካይት፦ ለአንድ ግምገማ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አንድ ሁለገብ ካይት በአማርኛ የተጻፈ ግምገማ አንብበናል። ስለ ካይትሰርፊንግ (ነፋስ በሚነዳው ትልቅ ካይት እየተጎተቱ በቦርድ ውሃ ላይ መንሸራተት) በቋንቋችን የሚጽፍ ሰው እንደ ልብ አይገኝምና ጸሐፊው መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ ግምገማው ገንዘብ ከማስባከን አልፎ አጥንት የሚያሰብር ምክር ስላለበት ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊው ዱባይ ካይት ቢች ላይ ባለ 12 ካሬ፣ ባለ አምስት የጎድን ቱቦ (ሸራውን ወጥሮ የሚይዝ፣ በአየር የሚነፋ ቱቦ) ካይት አንድ ከሰዓት በኋላ ሞክረው ከአምስት አምስት ሰጥተውታል። ምክንያታቸውን ሲዘረዝሩ፦ አንዱ ካይት ከጀማሪ እስከ ባለሙያ ለሁሉም ይበቃል፤ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ፈጥኖ ስለሚዞር ቶሎ ይለመድበታል፤ ባሩን (ካይቱ የሚመራበትን እጀታ) ሲለቁት ጉልበቱ ጨርሶ ስለሚጠፋ ነፋሱ ቢበረታም አያሰጋም፤ ውሃ ላይ ቢወድቅ በራሱ ይነሳል፤ አምስት ቱቦ ከሦስት ይሻላል፤ በተቻለ መጠን አጥብቆ መንፋት ነው፤ ከፋብሪካ የመጣበትን አስተካከል መንካት አያስፈልግም፤ የአደጋ ጊዜ መልቀቂያው አዲስ ስለሆነ መፈተሽ አያሻውም ይላሉ።

ካይቱ መጥፎ ነው አንልም፤ በጣም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችን «ሁለገብ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሁለገብ ካይት የሚባለው መጠኑን መርጠው፣ ገመዱንና ባሩን አስተካክለው ለተለያየ ሰው ሊያመቻቹት የሚቻል ካይት ነው። የሞካሪው ክብደት፣ የነፋሱ ፍጥነትና የገመዱ አስተካከል ካልተጻፈ አምስቱ ኮከብ ለማን እንደተሰጠ አይታወቅም። ጸሐፊው ከሦስቱ አንዱንም አልጻፉም።

«12 ካሬ ለሁሉም ይበቃል»

የካይት ጉልበት በሸራው ስፋት፣ በነፋሱ ፍጥነትና በአየሩ እፍጋት ይወሰናል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል፤ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ15 ኖት (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ) ወደ 18 ኖት ሲባል ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ ካይቱ ላይ ግን የ44 በመቶ ጭማሪ ነው። ጀማሪን ከአሸዋው ላይ አንስቶ የሚወረውረው ብዙ ጊዜ ይህ «ትንሽ» ጭማሪ ነው።

ለመነሻ ያህል የሚያገለግል ቀላል ስሌት አለ፦ ክብደትዎን በኪሎ ወስደው በ2.2 ያባዙ፣ ከዚያ በነፋሱ ፍጥነት በኖት ያካፍሉ። በ15 ኖት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 9 ካሬ፣ 75 ኪሎ የሚመዝን 11 ካሬ፣ 90 ኪሎ የሚመዝን 13 ካሬ ይፈልጋል። ነፋሱ 20 ኖት ሲደርስ ለ60 ኪሎው ሰው ከ7 ካሬ ያነሰ ይበቃዋል፤ «ለሁሉም ይበቃል» የተባለው 12 ካሬ ለእሱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስሌቱ የሚሠራው ሁለት ጫፉ እኩል ለሆነው ለተለመደው ትዊን ቲፕ ቦርድ ነው። በፎይል (ከቦርዱ ሥር ተገጥሞ ቦርዱን ከውሃ በላይ በሚያነሳ ክንፍ) የሚሄድ ሰው ከዚህ በጣም ያነሰ ካይት ይይዛል፤ ገና የሚማርም ሰው ከስሌቱ ዝቅ ወዳለው መጠን ቢያደላ ይሻለዋል።

ጸሐፊው ካይቱን የወደዱበት ምክንያት ይገባናል። ዱባይ ላይ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው፤ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው 12 ካሬ ልክ ይመጣል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። 40 ዲግሪ የሞቀ አየር 15 ዲግሪ ከሆነው አየር በ8 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ያው የነፋስ ፍጥነት በበጋ ሙቀት የሚሰጠው ጉልበት ያንሳል። ይህንኑ ካይት እስራኤል ያለ አንባቢ ገዝቶ በበጋ ከሰዓት በኋላ ኪነሬት (የገሊላ ባሕር) ቢወርድ ሌላ ዓለም ነው የሚጠብቀው። ከምዕራብ ካሉት ኮረብቶች ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ ጠንካራ ነው፤ 20 ኖት በነፈሰ ቀን 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 8 ካሬ ገደማ ይበቃዋል። ለእረፍት አገር ቤት ሲሄድ ካይቱን ይዞ ላንጋኖ ልሞክር ለሚል ደግሞ ስሌቱ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በ14 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ባሕር ዳርቻ 12 ካሬ የሚሰጠውን ጉልበት እዚያ በዚያው ነፋስ ለማግኘት 14 ካሬ ያስፈልጋል። የነፋስ መለኪያው 15 ኖት ሲያሳይ ካይቱ ግን ሲሰንፍ ያየ ሰው ካይቱን እንዳይኮንን ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

«ሞክሬዋለሁ፣ ለጀማሪም ቀላል ነው»

ልምድ ያለው እጅ የካይቱን ጉድለት ሳያስበው ያርማል። ካይቱ ወደ ኋላ መውደቅ ሲጀምር ባሩን በሁለት ጣት ይለቅለታል፤ የነፋስ ግፊት ሲመጣ ቦርዱን ያጋድላል፤ ከዚያ «የተረጋጋ ነው» ብሎ ይጽፋል። ጀማሪ እነዚህን እርማቶች አያውቃቸውም። ስለዚህ ለጀማሪ ይሆናል አይሆንም የሚለው ጥያቄ በባለሙያ እጅ ሊመለስ ከሆነ ባለሙያው ሆን ብሎ መሳሳት አለበት።

እኛ የምንመክረው አሞካከር ይህ ነው። የነፋሱን ፍጥነት በእጅ መለኪያ በየ10 ደቂቃው ይመዝግቡ፤ መካከለኛውን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውንም። የሞካሪዎቹን ክብደት ይጻፉ። ክብደታቸው የሚቀራረብ ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ወደ ነፋሱ መውጣትን ገና እየተማረ ያለ፣ አንዱ መዝለል የጀመረ፣ አንዱ ልምድ ያለው፣ በአንድ ባርና በአንድ አስተካከል እየተቀያየሩ ይውጡ። ከዚያ በፊት ካይቱን ከራስ በላይ አቁመው (የሰዓት ገጽ ላይ 12 ቁጥር ያለበት ቦታ ማለት ነው) ባሩን ለ10 ሰከንድ እጅ ሳያስነኩ ይተዉት። ቆሞ ይጠብቃል? ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል? ወይስ ነፋሱን ቀድሞ ከራስዎ ኋላ ይወድቃል? ቀጥለው ባሩን እስከ መጨረሻው ይሳቡና እንደያዙ ይቆዩ። ፈርቶ ባሩን የሙጥኝ የሚል ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጉልበቱ እየጨመረ በቦታው የሚቆይ ካይት ለጀማሪ ይሆናል፤ ታንቆ በጀርባው ወደ ነፋሱ መስኮት (ካይቱ ሊበር የሚችልበት የሰማይ ክፍል) መሃል የሚወርድ አይሆንም፤ ቢያንስ በዚያ አስተካከል አይሆንም።

«ፈጥኖ ስለሚዞር ቶሎ ይለመድበታል»

እውነቱ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ካይት ሲዞር በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ራሱ ተጨማሪ ነፋስ ይፈጥራል፤ ፈጥኖ የሚዞር ካይት ጉልበቱንም ባንዴ ያመጣል። ለሞገድ ላይ ጨዋታና ለካይት ሉፕ (ካይቱን አየር ላይ ሙሉ ዙር ማዞር) ይህ የሚፈለግ ጠባይ ነው። ባሩን ከሚገባው በላይ የሚስብና ዘግይቶ የሚያርም ተማሪ ላይ ግን ያልታሰበ ሙሉ ዙር ሆኖ ይመጣል።

ለጀማሪ መለካት ያለበት ምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ሳይሆን ባሩ ሲቃና ወዲያው መዞሩን ያቆማል ወይ የሚለው ነው። ካይቱን ከራስ በላይ ተነስቶ ወደ ሰዓቱ 2 ቁጥር ይምሩትና ባሩን ያቅኑ፤ እዚያው የሚቆም ከሆነ መልካም። በነገራችን ላይ የመዞር ፍጥነት የካይቱ ብቻ አይደለም፤ የባሩ ወርድም ነው። አንዱን 12 ካሬ በ52 ሳንቲሜትር ባርና በ45 ሳንቲሜትር ባር ብታበሩት በጠባቡ ባር በዝግታ ይዞራል። ጸሐፊው የባራቸውን ወርድ ቢነግሩን ኖሮ ከግምገማው ግማሽ መንገድ በተረዳናቸው ነበር። የገመዱ ርዝመትም እንዲሁ ነው። የተለመደው ከ20 እስከ 24 ሜትር ሲሆን፣ ገመዱ ሲያጥር ካይቱ የሚምዘገዘግበት መንገድ ስለሚያጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያ ቀናት አጭር ገመድ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

«ባሩን ሲለቁት ጉልበቱ ጨርሶ ይጠፋል»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። የፈረንሳዮቹ ወንድማማቾች የብሩኖና የዶሚኒክ ለጌኙ የመጀመሪያ ፓተንት ከተመዘገበበት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚነፋው ካይት ብዙ ተሻሽሏል። ከሁሉም በላይ ከ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ በፊት ቱቦው ላይ ልጓም (ቱቦውን ከፊት ገመዶች ጋር የሚያያይዙ አጫጭር ገመዶች) ያላቸው ጠፍጠፍ ያሉ ካይቶች ሲመጡ ጉልበትን በባር መቀነስ ከድሮዎቹ የሲ ቅርጽ ካይቶች ጋር ጨርሶ የማይወዳደር ሆነ። ቢሆንም አብዛኛው ጉልበት ሄደ ማለት ሁሉም ሄደ ማለት አይደለም። ባሩን ሲገፉት ሸራው ነፋሱን የሚቀበልበት ማዕዘን ይጠባል፤ ሸራው ግን ያው 12 ካሬ ነው። ለክብደትዎ በጣም ትልቅ የሆነ ካይት ባሩ ተለቆም ይጎትታል፤ ሸራው ይርገበገባል፤ መሪውም ይላላል።

ብዙ ግምገማ የሚዘለው ሌላ ነገር ደግሞ የክንድ ርዝመት ነው። ባሩ የሚንሸራተትበት ርቀት ብዙ ጊዜ 50 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ቁመቷ አጠር ያለች ሴት ወይም ታዳጊ ባሩን እስከ ጫፍ ገፍታ ከዚያ በላይ ያለውን የኃይል መቀነሻ ማሰሪያ መንካት ካልቻለች፣ በወረቀት ላይ ያለው የጉልበት ቅነሳ ለእሷ የለም ማለት ነው። ከመግዛት በፊት ሃርነስ (ካይቱ የሚያያዝበትን የወገብ መታጠቂያ) ታጥቆ፣ መንጠቆውን አስገብቶ፣ ገመዱን ሰው ይዞለት ክንዱ የት ድረስ እንደሚደርስ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ማሰሪያው ዝቅ ተደርጎ የሚስተካከልባቸው ባሮች አሉ።

«ውሃ ላይ ቢወድቅ በራሱ ይነሳል»

ነፋሱ ከ15 ኖት በላይ ሲሆንና ካይቱ በጎኑ ከወደቀ አዎ፣ አንዳንዴ በራሱ የሚነሳ ይመስላል። ነፋሱ 10 ኖት ላይ ሲወርድ፣ ካይቱ በአፍንጫው ተደፍቶ የፊት ቱቦው ውሃው ላይ ሲተኛ ግን አነሳሱን የማያውቅ ሰው ከባሕር ዳር እየራቀ ይሄዳል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የኃይል መቀነሻው ተስቦ ከሆነ ይልቀቁት፤ የኋላ ገመዶቹ ካልተወጠሩ ካይቱ ትእዛዝ አይሰማም። ከዚያ ከኋላ ገመዶች አንዱን ብቻ፣ ተንሳፋፊው ኳስ አካባቢ ይዘው ቀስ እያሉ ይሳቡ። ካይቱ በአንድ የክንፍ ጫፉ ላይ ይቆምና ወደ ነፋሱ መስኮት ጠርዝ መሄድ ይጀምራል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው፤ ገመዱን ይዘው ይጠብቁት። የላይኛው ክንፍ ከውሃ ተላቆ ካይቱ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ገመዱን በዝግታ እየለቀቁ በባሩ ወደ ላይ ይምሩት።

ስህተቱ ከሁለት አንዱ ነው። ሁለቱንም የኋላ ገመዶች አንድ ላይ የሚስብ ሰው ካይቱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል እንጂ አያነሳውም። ጠርዙ ላይ ሳይደርስ በጉልበት የሚስበው ደግሞ ካይቱን በመስኮቱ መሃል ያስነሳዋል፤ መሃሉ ጉልበቱ ከፍተኛ የሆነበት ቦታ ስለሆነ ሰውየውን ከውሃው ነቅሎ ያወጣዋል። ካይቱ በቂ አየር ካልተነፋም ቱቦው እየታጠፈ ውሃው ላይ ይለጠፋል እንጂ አይንከባለልም። ካይት የሚገመግም ሰው በቀኝ 5 ጊዜ፣ በግራ 5 ጊዜ ሆን ብሎ ጥሎ፣ ስንቱ እንደተነሳና በስንት ኖት እንደሆነ ቢጽፍ «በራሱ ይነሳል» ከሚለው ዓረፍተ ነገር የበለጠ ይነግረናል።

«አምስት ቱቦ ከሦስት ይሻላል»

ይህን ቶሎ እንለፈው። አምስት ቱቦ በጠንካራና በሚዋዥቅ ነፋስ ሸራውን ወጥሮ ይይዛል፤ ነገር ግን ይከብዳል። ሦስት ቱቦ ቀላል ስለሆነ በደካማ ነፋስ አየር ላይ ይቆያል፤ ከውሃም ቶሎ ይነሳል። ከታወቁት የካይት ዓይነቶች ኮር ኤክስአር ባለ አምስት፣ ናይሽ ፒቮት ባለ ሦስት ቱቦ ነው፤ ሁለቱም ውሃ ላይ ጥሩ ስም አላቸው። የዱባይን ለስላሳ ነፋስ ለሚጠቀም ጀማሪ እኛ ወደ ሦስቱ እናዘነብላለን።

«በተቻለ መጠን አጥብቆ መንፋት»

በደንብ ያልተነፋ ካይት በነፋስ ግፊት መሃሉ ላይ እንደሚታጠፍ ጸሐፊው መናገራቸው ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን ክንድ እስኪዝል መንፋት ሳይሆን መለኪያ ማየት ነው። ለአብዛኞቹ ካይቶች ከ6 እስከ 8 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ቫልቩ አጠገብ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። ትልቅ ካይት ከትንሹ ያነሰ ግፊት የሚፈልገው ቱቦው ሲወፍር በዚያው ግፊት ጨርቁና ስፌቱ የሚሸከሙት ውጥረት ስለሚጨምር ነው። ትንሹን ካይት 8 ላይ የነፋ ሰው ትልቁንም «ይጠንክር» ብሎ ከተጻፈለት በላይ ከወሰደው ስፌት መተርተር ሊጀምር ይችላል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪ ደግሞ ሙቀቱን ይቁጠር። 25 ዲግሪ ላይ 7 ፒኤስአይ የተነፋ ካይት አሸዋ ላይ ተኝቶ ውስጡ ያለው አየር 50 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ 8.8 ገደማ ይሆናል፤ ማንም ፓምፕ ሳይነካው። ስለዚህ ተነፍቶ ፀሐይ ላይ አይተው። በሞቀ መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚውል ካይት ሌላ ችግር አለበት፦ ቫልቩን ከውስጠኛው ላስቲክ ጋር የያዘው ማስቲሽ በሙቀት ይለቃል፤ በሚቀጥለው ቀን ሲነፋ አየሩ በቫልቩ ሥር ይወጣል። ነፍተው ሲጨርሱ የጎድን ቱቦዎቹን ከፊት ቱቦው ጋር የሚያገናኙትን ቀጫጭን ጎማዎች መቆለፊያ መዝጋት አይርሱ። አንዱ ቱቦ ቢቀደድ የሌላው አየር ተከትሎ እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው።

«የፋብሪካውን አስተካከል አትንኩ»

ካይቱ ከካርቶኑ በወጣበት ቀን ይህ ምክር ይሠራል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ግን ገመዶቹ ራሳቸው አስተካከሉን ይለውጡታል። አብዛኛውን ጭነት የሚሸከሙት ሁለቱ የፊት ገመዶች ስለሆኑ ከኋለኞቹ ይበልጥ ይለጠጣሉ። የፊቱ ሲረዝም የኋላው አጠረ ማለት ነው፤ ካይቱ ባሩ ሳይሳብ እንደተሳበ ይሆናል። በደካማ ነፋስ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ መውደቅ የሚጀምረው ያኔ ነው። ባለቤቱ «ካይቱ አረጀ» ብሎ ይሸጠዋል፤ የጎደለው ግን የአንድ ቋጠሮ ማስተካከያ ነበር።

መፈተሹ ቀላል ነው። አራቱን ገመዶች ጫፍ በአንድ ጠንካራ ምሰሶ ላይ ያስሩ። የኃይል መቀነሻውን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ ባሩን እስከ መጨረሻው ወደ ራስዎ ይሳቡና ገመዶቹን ይወጥሩ። አራቱም እኩል መወጠር፣ ባሩም ቀጥ ማለት አለበት። የኋላዎቹ ቀድመው ከተወጠሩ መነሻው ላይ ባለው ማያያዣ አንድ ቋጠሮ ወደ ውጭ ያዛውሯቸው፤ ሁለቱንም እኩል። ባሩ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የዚያ ጎን ገመድ ከሌላው ተለይቷል፤ ካይቱ እጅ ሳይነካው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞርበት ምክንያት እሱ ነው። በየ10 መውጫው አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ልጓሙ ላይ ፑሊ ያለው ካይት ከሆነ አሸዋና ጨው ፑሊውን ስለሚያነቁት፣ ፑሊው ላይ የሚሮጠው ገመድ መላላጡን በጣት እየዳሰሱ ይዩ።

«መልቀቂያው አዲስ ነው፣ መፈተሽ አያሻውም»

በጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳሰበን ይህ ነው። ለካይት መልቀቂያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 21853 በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ሲገዙ መሣሪያው ይህን ደረጃ ማሟላቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ደረጃውን ማሟላቱ ብቻውን አይበቃም። የእርስዎ መሣሪያ አሸዋ ገብቶበታል፤ ጨው ደርቆበታል።

ካይቱ ሳይነፋ በፊት ባሩን ምሰሶ ላይ አስረው፣ ሃርነሱን ታጥቀው መላ ክብደትዎን ወደ ኋላ ጥለው መልቀቂያውን ይግፉ። በቀኝ እጅ፣ በግራ እጅ፣ ከዚያ ዓይን ጨፍነው። ጓንት የሚያጠልቅ ሰው በጓንት ይሞክር። መልሰው ይግጠሙት፤ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው መግጠም እስኪችሉ ድረስ ይደጋግሙ። መልቀቂያው ተገፍቶ ካይቱ በአንድ የፊት ገመድ ብቻ ሲቀር፣ ይህ ገመድ በባሩ መሃል ሳይያዝ መሮጥ አለበት። ካይት ሉፕ የሚሠራ ሰው ደግሞ የፊት ገመዶቹ እርስ በርስ ብዙ ዙር ከተጠማዘዙ ይህ ሩጫ ሊታገድ እንደሚችል ይወቅ፤ ከየሉፑ በኋላ ጥምዝማዙን መፍታት ያለበት ለዚህ ነው። ከወገብ ጋር የሚያያዘው የደህንነት ገመድ የራሱ ሁለተኛ መልቀቂያ አለው፤ እሱም በዚያው ምሰሶ ላይ በዚያው መንገድ ይሞከራል፤ ከባሕር ሲወጡም ሁለቱም በንጹሕ ውሃ ይታጠባሉ።